«ፕሮስፔክት» ሰጥቶ ፒቸር ማምጣት ምን ማለት ነው?

የቤዝቦል ወሬ ላይ «ፕሮስፔክት» ሲባል ግራ ገብቷችሁ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ገና በታችኛው ሊግ የሚጫወት፣ ነገ ትልቅ ይሆናል የተባለ ልጅ ነው። ቡድኖች እንዲህ ያለውን ልጅ ሰጥተው ስም ያለው ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ ያመጣሉ። በአብዛኛው ሰው በሰው ነው ልውውጡ።

ታዲያ ገና ያልታየ ልጅ ለምን ይወደዳል? ተጫዋች በዋናው ሊግ 6 የአገልግሎት ዓመት ካልሞላው በቀር ቡድኑ ካልለቀቀው ወደፈለገበት መሄድ አይችልም፣ የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት ገደማ ደግሞ ለዝቅተኛው ደመወዝ የቀረበ ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ልጁን የሰጠ ቡድን የዓመታት ርካሽ አገልግሎት አብሮ ሰጠ ማለት ነው። የመጣው ፒቸር ኮንትራቱ ዘንድሮ የሚያልቅ ከሆነማ የሁለት ወር ኪራይ ቤት በሉት።

እ.ኤ.አ. በ1987 ኦገስት ላይ ዲትሮይት ታይገርስ የ36 ዓመቱን ፒቸር ዶይል አሌክሳንደርን ከአትላንታ ቡድን አመጣ። የሰጠው ጆን ስሞልትዝን ነው፣ ያኔ የ20 ዓመት ልጅ፣ ያውም ዲትሮይት ያለችበት የሚሺጋን ግዛት ተወላጅ! አሌክሳንደር 9 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ዲትሮይትን የምድቡ አንደኛ አደረገው፣ ቀጥሎ ግን ቡድኑ በሚኒሶታ ተሸንፎ ቀረ። ስሞልትዝ በ1995 ከአትላንታ ጋር ዋንጫ በላ፣ በ2015 የቤዝቦል ታላላቆች በሚታሰቡበት የዝና አዳራሽ ገባ።

ብዙ ሰው ዲትሮይት ተሞኘ ይላል። እኔ አልስማማም። ምድቡን የወሰዱት በ2 ጨዋታ ብልጫ ብቻ ነበር፣ ያለ ሰውዬው የት ሊደርሱ ኖሯል?