«ሐቁን ብቻ ይንገሩኝ፣ እመቤቴ»፦ ትርጉሙና አመጣጡ

አሜሪካኖች ወሬ ሲረዝም፣ ግምት ሲበዛ «ሐቁን ብቻ ይንገሩኝ፣ እመቤቴ» ይላሉ። ያየኸውን ተናገር፣ የመሰለህን ተወው ማለት ነው። የእኛ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይቀርበዋል፤ የእነሱ ግን ቆጣ ያለ ነው፣ ፌዝም አያጣውም።

አባባሉ የሚሰጠው «ድራግኔት» የተባለው የፖሊስ ተከታታይ ድራማ ገጸ ባሕርይ ለሆነው፣ የመለያ ቁጥሩ 714 ለሆነው የሎስ አንጀለስ መርማሪ ለሳጅን ጆ ፍራይዴይ ነው። ጃክ ዌብ ተከታታዩን በ1949 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በሬዲዮ ጀምሮ በ1951 መጨረሻ ወደ ቴሌቪዥን አሻገረው፤ ከ1967 እስከ 1970 ደግሞ በቀለም መለሰው። ፍራይዴይ ግን ቃሉን በዚህ መልክ አላለውም። የእሱ «የምንፈልገው ሐቁን ነው፣ እመቤቴ» ዓይነት ነበር። ወደ ዛሬው ቅርጽ ያቀረበው ኮሜዲያኑ ስታን ፍሪበርግ ነው፤ በ1953 በድራግኔት እየቀለደ ያወጣው ሸክላ በሽያጭ አንደኛ ወጣ፣ ሕዝቡም ቀልዱን ከዋናው አምታታው።

አባባሉን ለመፈተሽ ከግድያ ይልቅ የሱቅ ዱቤ ማጭበርበር ይሻላል፤ ሬሳ የለም፣ ወረቀት ብቻ ነው። በዚያን ዘመን ባንኮች የዱቤ ካርድ ላልጠየቀ ሰው በፖስታ ይልኩ ነበር። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በ1958 ፍሬዝኖ ከተማ ውስጥ 60,000 ያህል በትኗል፤ ሕግ የከለከለው በ1970 ነው። ካርዱ ከፖስታ ሳጥን ቢሰረቅ ባለቤቱ መላኩንም ስለማያውቅ «ጠፋብኝ» አይልም። ያኔ ሻጯ ካርዱን ማተሚያው ላይ አስቀምጣ፣ ካርቦን ያለውን ደረሰኝ ደርባ እጀታውን ትስባለች፤ ስሙና ቁጥሩ ይታተማል። ሂሳቡ ከተወሰነው ጣሪያ ካላለፈ ደውላ ፈቃድ አትጠይቅም። አጭበርባሪውም ከጣሪያው ዝቅ እያለ፣ ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ እየመረጠ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል።

መርማሪ ሲመጣ ሻጯ «ጨዋ ሰው ነበር፣ አለባበሱም ጥሩ ነው» ትላለች። ይህ ለምን እንዳመነችው ይናገራል እንጂ ሰውየውን አያስይዝም። የሚያስይዘው ሰዓቱ፣ ዕቃው፣ በየትኛው እጁ እንደፈረመ፣ ሲፈርም ካርዱን አጮልቆ አይቶ እንደሆነ ነው። አንድ ፊርማ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከአራት አምስት ሱቆች የመጡ ደረሰኞች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን የእጁ ልማድ ይወጣል። «ረጅም ነበር፣ አይደል?» ብሎ መጠየቅ ምስክርነቱን ያበላሻል፤ «አዎ» ማለት ይቀላታል፣ ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት የምትናገረው የመርማሪውን ግምት ነው። «ቁመቱ ምን ያህል ነበር?» ይበቃል።

እንደ መመሪያ ከተወሰደ ግን አባባሉ ጉድለት አለበት። ገና አፏን ሳትከፍት «ሐቁን ብቻ» የተባለች ሻጭ፣ «የእጅ ሰዓቱን ሲገዛ ዋጋውን እንኳ አልጠየቀም» የሚለውን ትዝታ አይረባም ብላ ትውጠዋለች። ደህና መርማሪ መጀመሪያ ሳያቋርጥ ያስወራታል፤ ማጥራቱ ቀጥሎ ይመጣል።