ያለ ስንዴ በዓል፦ ከግሉተን ነፃ የበዓል ማዕድ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ከግሉተን ነፃ አመጋገብ ማለት ስንዴ፣ ገብስና ራይ የሚባለው የፈረንጅ እህል ያሉበትን ምግብ ሁሉ መተው ነው። ግሉተን በእነዚህ እህሎች ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ሊጥ እንዲለጠጥ፣ ዳቦም እንዲነፋ የሚያደርገው እሱ ነው። አብዛኛው ሰው ያለ ችግር ይበላዋል። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ግን ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ትንሹን አንጀት ያጠቃዋል። የተጎዳ አንጀት ደግሞ ምግብ በቅጡ አይመጥጥም። ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስና ክብደት መቀነስ ይከተላል። ልጆች ላይ ዕድገት ይዘገያል። በዓለም ላይ ከ100 ሰው አንድ ገደማው ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል። የሚያድን ክኒን የለውም። ሕክምናው ምግቡን ዕድሜ ልክ መጠበቅ ነው።

ስንዴ ጥፋተኛ መሆኑ የታወቀው በኔዘርላንድ ነው። ዊለም ካሬል ዲከ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ሕመሙን ከስንዴ ጋር ያገናኘው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ እዚያ አገር ዳቦ ሲጠፋ የታመሙት ልጆች ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ።

ከሱሉልታ እስከ ገላን፣ ከቡራዩ እስከ ለገጣፎ፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህ አመጋገብ ከብዙ የዓለም ከተሞች ይልቅ ይቀላል። ምክንያቱ ጤፍ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም። በዓል ሲመጣ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ችግር የሚያመጣው ወጡ አይደለም። ወፍጮው፣ እርሾው፣ ምጣዱና የጎረቤት ግብዣው ነው።

እህሉ

ዳርቻው በእህል በኩል አንድ ዓይነት አይደለም። ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የሱሉልታ አገር ደጋ ነው፤ ገብስና ወተት ይበዛበታል። በደቡብ ምሥራቅ ዱከምን ይዞ የሚሄደው የአድአ ሜዳ፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ከሰበታ ወዲያ ያለው በቾ በጤፋቸው የታወቁ ናቸው። ዳርቻ ለሚኖር ሰው ትልቁ ዕድል ይሄ ነው። ጤፉን ሳይፈጭ በጥሬው፣ አንዳንዴም ከገበሬው እጅ መግዛት ይችላል። የተፈጨ ዱቄት ውስጥ ምን እንደገባ በዓይን አይታወቅም፤ ጥሬ እህል ግን ይታያል። ማኛ ሆነ ሰርገኛ ወይም ቀይ፣ በግሉተን በኩል ልዩነት የላቸውም። አቅም ያለው ሰው አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ የፋሲካውን አስቀድሞ ቢገዛ ይጠቀማል።

የጤፍ ፍሬ ደቃቅ መሆኑ ራሱ ይረዳል። በጠባብ ወንፊት ሲነፋ ጤፉ ያልፋል፣ የተቀላቀለ ስንዴና ገብስ ከላይ ይቀራል። ጊዜ የሚፈልግ ሥራ ነው፣ ግን ዋጋ አለው።

አጃ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በገበያ አጃ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዴ የስንዴ ዘመድ ነው፤ ግሉተን አለው። ለሾርባና ለገንፎ የሚፈለገው ሌላኛው አጃ በተፈጥሮው የስንዴው ዓይነት ግሉተን የለበትም። ነገር ግን ማሳ ላይና ወፍጮ ላይ ከስንዴና ከገብስ ጋር ይነካካል። ሁለቱንም መተው ይሻላል።

ወፍጮ ቤት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ንጹሕ ጤፍ ይዞ ወፍጮ ቤት መሄድ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ወፍጮው ውስጥ ከቀደመው እህል ሁልጊዜ ዱቄት ይቀራል። ቀድሞ የተፈጨው ስንዴ ወይም በሶ ከሆነ ቀጥሎ በሚወርደው ጤፍ ውስጥ ይገባል። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ግን አንድ ምግብ ከግሉተን ነፃ ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም ይላል። ይህን ያህል ግሉተን በአንዲት ቁንጥር የስንዴ ዱቄት ውስጥ ይገኛል።

የበዓል ሳምንት ደግሞ ለዚህ ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። ለድፎ የሚሆነው ስንዴ፣ ለጠላ የሚሆነው ገብስና ብቅል ሁሉ በዚያው ሰሞን ይፈጫል፤ ሰልፉም ረጅም ነው። ስለዚህ የበዓሉ ጤፍ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ቢፈጭ ይመረጣል። ከአንድ በላይ ወፍጮ ያለው ቤት ከተገኘ ጤፍ ብቻ የሚፈጭበትን መጠየቅ ነው። ካልተገኘ ጠዋት በር ሲከፈት መድረስ፣ መጀመሪያ ጥቂት በቆሎ ወይም ሩዝ አስፈጭቶ ወፍጮውን ማጽዳት፣ ከዚያ ጤፉን ማስገባት። መጀመሪያ የወጣውን ዱቄት ጤነኛው ቤተሰብ ይበላዋል። ምክንያቱን በግልጽ ለነገሩት ሰው ወፍጮ ቤት ያለው አብዛኛው ባለሙያ ይተባበራል። ዝም ብሎ "አጽዳልኝ" ማለት ግን ያስቆጣዋል።

ሽሮና በርበሬም በዚሁ ጥንቃቄ ይፈጫሉ። ሽሮ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ሽምብራው የሚቆላበት ብረት ምጣድ ብዙ ጊዜ የገብስ ቆሎም የሚቆላበት ነው።

እንጀራ፣ እርሾ፣ ምጣድ

ከሱቅ የሚገዛ እንጀራን ለሴሊያክ ሕመምተኛ አልመክርም። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ገብስ ወይም ፉርኖ ዱቄት ይቀላቀልበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በራሳቸው አይጎዱም። ገብሱና ፉርኖው ናቸው ችግሮቹ፤ በመልክም ሆነ በጣዕም ለመለየት ያስቸግራሉ። ቤት መጋገር የማይቻል ከሆነ ጤፉን ራስ አቅርቦ፣ በራስ ዕቃ እንዲቡካ ከሚታመን ጋጋሪ ጋር መስማማት ይቻላል።

እርሾ ሲያልቅ ከጎረቤት መውሰድ የቆየ ልማድ ነው። ጎረቤቲቱ ከድብልቅ ሊጥ ያስቀረችው እርሾ ግን ስንዴውን ይዞ ይመጣል። መፍላቱም ግሉተኑን አያጠፋውም። ንጹሕ እርሾ ለመጀመር የጤፍ ዱቄት በውሃ አቡክቶ ጥቂት ቀን ማቆየት ይበቃል። በራሱ ጊዜ ይቦካል። አንዴ ከተገኘ በኋላ ከእያንዳንዱ ቡኮ ትንሽ እያስቀሩ መቀጠል ነው። አብሲቱም ከዚያው ሊጥ ይጣላል።

ዕቃው ተለይቶ ቢቀመጥ መልካም ነው። ቡሃቃው፣ ወንፊቱ፣ ሰፌዱና ምጣዱ። ድፎ የሚጋገርበት የሸክላ ምጣድ ዱቄት ውስጡ ይይዛል፤ ወንፊት ደግሞ ቢታጠብም አይጠራም። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በጋራ ማብሰያ ለሚጠቀም ሰው ይሄ ይከብዳል። ቤት ውስጥ የራስ ኤሌክትሪክ ምጣድ መያዝ ያቀለዋል። መብራት በበዓል ዋዜማ የሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ደግሞ አንድ ቀን ቀድሞ ይጋግር።

ወጡ

እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ዶሮ ወጥ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ንጥር ቅቤ፣ ቅመም፣ 12ቱ ብልትና እንቁላል ነው። ስንዴ የሚገባበት ቦታ የለውም። አልጫው፣ ጥብሱ፣ ክትፎው፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ምስር ወጡም እንደዚያው። ከቅርጫ የመጣው ሥጋም ጥሬውን ቢበላ ያው ነው። መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዳንዶች ጨጓራውን ወይም ዶሮውን በዱቄት አሽተው ያጥባሉ፤ በሎሚና በጨው ይተካል። አዋዜው በቢራ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ከሆነም ይቅር። በጠጅ ከሆነ ችግር የለውም።

ዳቦው

ድፎ ዳቦ ለሌላው የበዓል ደስታ ነው፤ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ግን ከገበታው ሁሉ አደገኛው እሱ ነው። ፍርፋሪው ይበተናል፣ ቢላው ይዞራል፣ ሌማቱ ላይ ከእንጀራው ጋር ይደባለቃል። የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ሕመምተኛ ያለበት ቤት ድፎውን ለብቻ ጠረጴዛ ላይ በራሱ ቢላ ይቁረጥ፤ ከተቻለ ደግሞ ለሁሉም ሌላ ዳቦ ይደፋ።

ሌላው ዳቦ የሚደፋው እንዲህ ነው። የጤፍና የበቆሎ ዱቄት ይቀላቀላል፤ ቡላ ጥቂት ቢጨመርበት ይለሰልሳል። ግሉተን ስለሌለ ሊጡን የሚያያይዝ ነገር ያስፈልጋል። ይህን ተልባ በደንብ ይሠራዋል። የተፈጨ ተልባ በሙቅ ውሃ ሲበጠበጥ ይዝለገለጋል፤ ያ ነው ሊጡን የሚይዘው። በፍስክ እንቁላል ይጨመርበታል፣ በጾም ተልባው ብቻውን ይበቃል። እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ይገባል። ሊጡ እንደ ስንዴ አይታሽም፤ ቀጠን ብሎ የሚፈስ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ኮባ በተነጠፈበት ዕቃ ውስጥ፣ ከሁለት ጣት ሳይወፍር ይጋገራል። እንደ ድፎ አይነፋም። ትኩሱን ቢቆርጡት ይፈረፈራል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ያምራል። የኮባው ሽታ አለ፣ የአዝሙዱም አለ። ልጆች ሲቆረስ ድርሻቸው እኩል ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምወድለት ይሄን ነው።

ለቡና ቁርስ የሚሆነው ሞልቷል። ፈንዲሻ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሱፍ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች። የገብስ ቆሎና ዳቦ ቆሎ አይሆኑም።

መጠጡ

ጠላ ገብስና ብቅል አለበት፤ አይጠጣም። ቢራም ከገብስ ብቅል ነው። ለልጆችና ለማይጠጡ ሰዎች የሚቀርበው ቀሪቦም ከገብስ ስለሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ጠጅ ማር፣ ውሃና ጌሾ ስለሆነ ይሆናል። ብርዝም እንዲሁ። ጠጁ ወይም ብርዙ ጠላ በተቀዳበት ጣሳ ውስጥ ገብቶ እንዳይመጣ ብቻ ዕቃውን ማየት ነው።

በየበዓሉ

ከበዓላት ሁሉ ለሴሊያክ ሕመምተኛ የሚመቸው መስቀል ነው ባይ ነኝ። በጉራጌ ቤቶች ክትፎው፣ አይቡ፣ ጎመኑና ቆጮው አንድም ግሉተን የለውም። ቆጮ ከእንሰት የሚሠራ ነው።

የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል። የጾም ወጦች ሁሉም ማለት ይቻላል ይሆናሉ። ሥራ ቦታ ከሻይ ጋር የሚበሉት ፓስቲ፣ ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ ግን ስንዴ ናቸው። ፋሲካ ሌሊት ሆድ ለማለስለስ የሚጠጣው ተልባ ጥሩ ነው፤ የተቆላበት ዕቃ ይታይ እንጂ።

ቡሄ ለልጆች ከባድ ነው። ነሐሴ 13 ሲደርስ "ሆያ ሆዬ" ብለው የዞሩ ልጆች ሙልሙል ይሰጣቸዋል። ሙልሙል የስንዴ ዳቦ ነው። አብሮ ዘፍኖ አብሮ ያልበላ ልጅ ይከፋዋል። በሰፈሩ ላሉ እናቶች ቀድሞ ነግሮ በምትኩ ፈንዲሻ ወይም ገንዘብ እንዲሰጡት ማድረግ ይቻላል። ገንዘብ መስጠቱ ዛሬ የተለመደ ስለሆነ ልጁ ለብቻው አይታይም።

በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ተምሩ ይሆናል። ሳምቡሳው አይሆንም። ሾርባው ብዙ ጊዜ አጃ ወይም ገብስ ስላለበት በሩዝ መሥራት ነው። በዳርቻው ባሉ የኦሮሞ ቤተሰቦች ዘንድ ለክብር እንግዳ የሚቀርበው ጭኮ በገብስና በቅቤ የሚሠራ ነው። እምቢ ማለት የሚከብድ ምግብ ነው፤ ስለዚህ ከመሄድ በፊት መንገር ይሻላል።

በጥምቀት፣ በጠበል ጸዲቅና በጽዋ ማኅበር የሚቀርበው በአብዛኛው ዳቦና ጠላ ነው። ጠጅ ወይም ብርዝ፣ ቆሎም ካለ የሽምብራ፣ ተለይቶ እንዲቀርብ ማኅበርተኞችን መጠየቅ ነውር አይደለም። የቅዳሴው ኅብስት ግን ከስንዴ ነው። የሚቆርብ ሕመምተኛ ይህን ከንስሐ አባቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገርበት። በራሱ ውሳኔ ከቁርባን መራቅም፣ ሕመሙን ደብቆ መቀጠልም መልካም አይመስለኝም።

ግብዣ

"ኧረ በሞቴ፣ ትንሽ ቅመሽ!" ሲባል ዝም ማለት ከባድ ነው። ስለ ግሉተን ማስረዳት ግን ብዙ አያዋጣም። "እትዬ፣ ስንዴና ገብስ ሐኪም ከልክሎኛል" ማለት ይበቃል። የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ብዙ ስለሆነ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። ጉርሻም ቢሆን ድፎ በነካ እጅ ከመጣ ያው ነው። የራስን እንጀራ በፌስታል ይዞ ሄዶ "ወጡን ከድስቱ አውጡልኝ" ማለት አሁን አሁን እየተለመደ ቢመጣ ደስ ይለኛል። የእድር ሴቶች ተሰብስበው በሚያበስሉበት ቤት ደግሞ አንዲት ድስት ቀድሞ ማስለየት ከሁሉም ይቀላል።

ምርመራ

ከበዓል በኋላ ሆዱን የሚያመው ሰው ብዙ ነው። ቅባቱ፣ ሥጋው፣ ጾም መፍታቱ ይወቀሳል። አሜባ ነው፣ ጨጓራ ነው ተብሎም መድኃኒት ይገዛል። ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ዳቦና ጠላ በበዛ ቁጥር የሚመላለስ ተቅማጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ወይም ያላደገ ልጅ ካለ ግን ሴሊያክ ይታሰብ። የስንዴ አለርጂ ሌላ ሕመም ስለሆነ ሐኪሙ ይለየዋል። ምርመራው በደም ይጀምራል፤ ለማረጋገጥ ከትንሹ አንጀት በመሣሪያ ናሙና ይወሰዳል። ስንዴውን ከምርመራው በፊት ያቆመ ሰው ውጤቱ ነፃ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ እንደ ወትሮው እየበሉ መቆየት፣ ስንዴውን ማቆም ከውጤቱ በኋላ።