አየር ከግድግዳ የሚላቀቅበትን ቦታ መተንበይ

ሰንጋ ተራ ንፋስ ሲነሳ ፌስታሉ ከፎቁ ጀርባ እየተሽከረከረ የሚቀረው አየሩ ከግድግዳው ስለተላቀቀ ነው። ግድግዳ የነካ አየር ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ከዚያ ሙሉ ፍጥነቱን እስከሚይዝበት ያለውን ስስ ንጣፍ መሐንዲሶች ባውንደሪ ሌየር ይሉታል። ሐሳቡን ያቀረበው ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል በ1904 እ.ኤ.አ. ነበር። ወደፊት ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድ ግድግዳው ሥር ያለው ደካማ አየር ያቅተውና ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል።

ሹል ጥግ ያለው ሕንጻ ስሌት አያሻውም፤ ፍሰቱ እዚያው ጥጉ ላይ ይላቀቃል። የሚያስቸግረው ክብ ነገር ነው፤ ምሰሶ፣ ጭስ ማውጫ፣ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ።

ላልታወከ ፍሰት፣ ማለትም ንብርብሮቹ ሳይደባለቁ ለሚሄድ አየር፣ የትዌይትስ ዘዴ (1949 እ.ኤ.አ.) በእጅ ይሠራል። ከንጣፉ ውጭ ያለው ፍጥነት 5ኛ ርቢ ከፊተኛው ጫፍ እስከ ተፈለገው ነጥብ ኢንተግራል ይደረጋል፤ በ0.45 እና በኪነማቲክ ቪስኮሲቲ (የአየሩ ዝልግልግነት ለጥግግቱ ተካፍሎ) ተባዝቶ በነጥቡ ፍጥነት 6ኛ ርቢ ይካፈላል። ውጤቱ የሞመንተም ውፍረት ካሬ ነው፤ ይህ ውፍረት ንጣፉ ውስጥ አየሩ ያጣውን ሞመንተም የሚለካ ርዝመት ነው። ካሬውን ፍጥነቱ በግድግዳው ላይ ከርቀት ጋር በሚለወጥበት መጠን አባዝቶ በቪስኮሲቲው ማካፈል ነው፤ −0.09 ሲደርስ ፍሰቱ ተላቀቀ ይባላል። ፍጥነቱ በእኩል መጠን እየቀነሰ ዜሮ በሚደርስበት ፍሰት ዘዴው መላቀቂያውን ከርቀቱ 12.3 በመቶ ላይ ያገኘዋል፤ ትክክለኛው 12.0 ነው።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከቀመሩ ሳይሆን ከሚገባለት ፍጥነት ይመጣል። ረጅም ሲሊንደር ላይ ሰበቃ የሌለበትን የመማሪያ መጽሐፍ ፍጥነት ያስገባ ሰው ከፊት ጀምሮ 103 ዲግሪ አካባቢ ያገኛል። በእውነቱ ግን የተላቀቀው አየር ራሱ ግፊቱን ይለውጠዋል፤ መላቀቂያው 80 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የተለካ ግፊት ማስገባት ይሻላል። ንጣፉ ከመላቀቁ በፊት ከታወከ ደግሞ እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ተጣብቆ ይሄዳል፤ ያኔ የትዌይትስ ዘዴ አይሠራም።

አዲስ አበባ ላይ ከፍታውም ይቆጠራል። አየሩ ስስ ስለሆነ ኪነማቲክ ቪስኮሲቲው በሴኮንድ 0.00002 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 0.000015 ነው። 1.2 ሜትር ዲያሜትር ያለው ሮቶ በሴኮንድ 5 ሜትር ንፋስ እዚህ የሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፍጥነት በዲያሜትር ተባዝቶ ለኪነማቲክ ቪስኮሲቲ ሲካፈል) 300,000፣ ባሕር ጠረፍ ላይ 400,000 ይሆናል። ሁለቱም ፍሰቱ ጠባዩን የሚቀይርበት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ከሠንጠረዥ አንድ ቁጥር መዝዞ መተማመን አያዋጣም።

ማረጋገጫው ርካሽ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር የስፌት ክር በየ10 ሴንቲ ሜትሩ፣ በንፋሱ በኩል ያለው ጫፉ ብቻ በፕላስተር ተይዞ ዙሪያውን ይለጠፋል፤ ለዚህ ሮቶ ክፍተቱ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ክሩ ተኝቶ ከነበረበት ተነስቶ መርገብገብ ወይም ወደ ፊት መዞር ሲጀምር መላቀቂያው እዚያ ነው። የሱፍ ክር አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ ራሱ ንጣፉን አውኮ መላቀቂያውን ወደ ኋላ ሊገፋው ይችላል።