«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ ድሩ የማን ነው?

በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያውያን ምሳሌ» እየተባለ ኢንተርኔት ላይ ከአገር አገር የሚዞር አባባል አለ። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሸረሪት ድሮች ሲያብሩ አንበሳ ያስራሉ» ይላል። ብዙ ጊዜ ጤዛ ያዘለ የሸረሪት ድር ፎቶ ይታከልበታል። የእኛ ምሳሌ እንዲህ ርቆ መሄዱ ያስደስተኛል። እኛ የምናውቀው ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነው፤ ሸረሪት የሚል ቃል የለበትም።

መልእክቱ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ለየብቻው ደካማ የሆነ ነገር ሲተባበር ኃያሉን ይረታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ወንድሙ ነው። የሚያከራክረው መልእክቱ ሳይሆን ድሩ ነው።

ሽሮ ሜዳ ሄዶ ሸማኔ ቤት የገባ ሰው ድርን ሌላ ቦታ ያገኘዋል። ድር ማለት እዚያ በቁመት የሚወጠረው ክር ነው፤ በአግድም የሚገባው ማግ ይባላል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ ማጉ ያልፋል፤ ድሩ ግን ቀኑን ሙሉ እንደተወጠረ ይውላል። አንዲት ክር ከተበጠሰች ሥራው ይቆማል፤ ጎንበስ ብሎ ይቀጥላትና ይነሣል። «እነ እገሌ እኮ ድርና ማግ ናቸው» የምንለውም ከዚሁ ነው።

ድር ሲያብር በዓይን ማየት የሚፈልግ ደግሞ የጋቢውን ዘርፍ ይመልከት። ጋቢ ከሸማኔ ሲመጣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ክር የድሩ ትርፍ ነው። እናቴ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጥቂት ጥቂት ክሮችን እየለየች፣ በመዳፏ እያከረረች፣ ሁለቱን መልሳ እርስ በርስ እየጠመዘዘች ትቋጨው ነበር። ልጅ ሳለሁ ያልተቋጨውን ክር በሁለት ጣቴ ስስበው ይበጠስ ነበር። የተቋጨውን ስስበው ጣቴ ላይ ቀይ መስመር ያወጣል እንጂ እሱ ንቅንቅ አይልም። «ንግግሩን ቋጨ» የሚለው የዜና ቋንቋ ከዚህ የተወሰደ ነው፤ ዘርፍም ዛሬ ከልብስ ጫፍ ይልቅ «የኢኮኖሚ ዘርፍ» ሆኖ ይሰማል። ቃላቱ ከጋቢ ወርደው ቢሮ ገብተዋል።

እኔ እንግዲህ ለሸማኔው ድር አደላለሁ። ክር ሲከር ገመድ ይሆናል፣ አንበሳም የሚታሰረው በገመድ ነው።

ይሁን እንጂ ግሱንም ማየት ያስፈልጋል። አበረ የሚለው ቃል ከግዕዙ ኀብረ የመጣ ነው፤ ኅብረት፣ ማኅበር፣ ተባበረ ሁሉም ዘመዶቹ ናቸው። ከነሱ መካከል ስሙ የጠፋበት አንድ አለ፤ ግብረ አበር። ሲፈታ «በሥራ የተባበረ» ማለት ነው፣ ምንም ክፋት የለበትም። ዛሬ ግን ከፖሊስ ዜና ውጭ አይገኝም፤ ከሌባና ከወንጀለኛ ጋር ተቆራኝቶ ቀረ። ሌላው ዘመድ ኅብር ነው። በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ሲሸከም ኅብር ይባላል። ድርም በዚህ ምሳሌ ውስጥ ልክ እንደዚያ ሆኗል። አማርኛ የሸማኔውንም የሸረሪቷንም በአንድ ቃል ይጠራል፣ እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ ሁለት ስም ስላለው ተርጓሚው አንዱን መምረጥ ነበረበት። አልፈርድበትም።

ሸረሪቷም ጠበቃ አላጣችም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 59 ላይ ክፉዎች የሸረሪት ድር እንደሚሠሩና ድራቸው ልብስ እንደማይሆን ተጽፏል። ሁለቱ ድሮች እዚያው አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ቁርኣንም ከቤቶች ሁሉ ደካማው የሸረሪት ቤት መሆኑን ይናገራል። እጅግ ደካማ መሆኗ ራሱ ምሳሌውን ያጠነክርላታል።

ልብስ አይሆንም የተባለው ድር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ልብስ ሆኖ ኒውዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ታየ። ማዳጋስካር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸረሪቶች ተሰብስበው፣ ድራቸው እየተሳበ፣ ያለ ምንም ማቅለሚያ እንደ ወርቅ የሚያበራ ጨርቅ ተሸመነ። በቁመት የተወጠረው እያንዳንዱ ክር 96 የሸረሪት ድር ተገምዶበታል። እዚህ ላይ የሸረሪቷ ድር የሸማኔው ድር ሆኖ አረፈ፤ ይህን ሳነብ ክርክሬ ትንሽ ላላ።

አሁን ሦስተኛ ድር መጥቷል። የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ ስዊዘርላንድ በሚገኘው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን እ.ኤ.አ. በ1989 ሐሳቡን አቅርቦ፣ በዓመቱ ዌብ የሚል ስም ሲሰጠው ቃሉ የሸረሪቷን ድር ያስታውስ ነበር። ዌብ ግን በጥንታዊው እንግሊዝኛ የተሸመነ ጨርቅ ማለት ነበር። እኛ ደግሞ «ድረ ገጽ» አልነው። ገጽ በግዕዝ ፊት ነው፣ በኋላ የመጽሐፍ ገጽ ሆነ፣ አሁን ስልካችን ላይ በጣት ይንሸራተታል። በይነ መረብ የሚለውም ዓሣ አጥማጁን አስጠርቶ ነው የመጣው።

ይህ ሦስተኛው ድር ምሳሌውን እንደገና ሥራ አስገብቶታል። ለሕክምና ገንዘብ የሚሰበሰብለት ልጅ ፎቶ ይለጠፋል። አንዷ ከሪያድ፣ አንዱ ከዋሽንግተን፣ ሌላው ከአዲስ አበባ ያላቸውን ይልካሉ፤ መቶ ብርም ትሁን። ከሥር አንድ ሰው «ድር ቢያብር…» ብሎ ይተወዋል። የቀረውን የሚጽፍ የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል።