ባጋቴል ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ የቤትሆቨን ባጋቴል ስለሆነው «ፉር ኤሊዝ» የተባለ የፒያኖ ሥራ ሲጽፍ፣ ባጋቴል በፈረንሳይኛ «ተራ ነገር» ማለት ስለሆነ ቤትሆቨን ራሱ ሥራውን ንቆታል ብሎ ደመደመ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ዝም ባልኩ። የቃሉ ፍቺ ልክ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ስህተት።

ባጋቴል አጭር ሙዚቃ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለፒያኖ የሚጻፍ። ስሙ ቁመቱን እንጂ ክብደቱን አይናገርም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህ አይጠፋውም፦ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት፣ መወድስ ስምንት። ተማሪም የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው። ታዲያ «የልጅ ነገር ናት» ብሎ የሚንቃት መምህር አለ? በሁለት ቤት ሰሙንም ወርቁንም ማስገባት ነው ጭንቁ።

የ«ፉር ኤሊዝ»ን ሰም ሁሉም ያውቀዋል፦ ኢ እና ዲ ሻርፕ የሚባሉት ኖታዎች እየተቀባበሉ የሚጀምሩት ያ ዜማ፣ ስልክ ላይ የሚጮኸው። (የሚጮኸው ማለቴ ያለምክንያት አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ» ነው።) ቅርጹ ሮንዶ ስለሆነ ዜማው እየሄደ ይመለሳል። ጀማሪዎች የሚተዉት፣ ከመጀመሪያው መመለሻ በኋላ የሚመጣው ክፍል ላይ ግን ግራ እጅ ዝቅተኛዋን ኤ ኖታ ያለ ፋታ ይደበድባል፣ ቀኝ እጅ ከላይ የሚያስጨንቅ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ይጭንበታል። ከዚያ ድምፁ ሽቅብ ይሮጥና በግማሽ በግማሽ ድምፅ ቁልቁል ወርዶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ የመጀመሪያው ዜማ ላይ ያርፋል። ኖታው ያው ነው፤ አሁን ግን ሌላ ነገር ይላል። ወርቁ እዚህ ነው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ትንሽ ይንሻፈፋል፣ አውቃለሁ፤ ባለቅኔ የዘረፈውን መልሶ አይዘርፍም፣ ሮንዶ ግን በመደጋገም ነው የሚኖረው።

«ራሱ ናቀው» ለሚለው ደግሞ፦ ቤትሆቨን ይህን ሥራ ራሱ ባጋቴል ብሎ አላሳተመውም፤ የእጅ ጽሑፉም ጠፍቷል። እኛ ያለን ጀርመናዊው የሙዚቃ ጸሐፊ ሉድቪግ ኖል እ.ኤ.አ. በ1867 ያሳተመው ነው፣ ቤትሆቨን ከሞተ ከ40 ዓመት በኋላ። ሰባተኛው ባር (የኖታው መስፈሪያ ክፍል) ላይ አንዲት ኖታ ኢ ትሁን ዲ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሥራው ዛሬ የሚጠራበትን «ባጋቴል ቁጥር 25» የሚለውን ቁጥርም ቤትሆቨን አልሰጠውም። እሱ በሕይወት ሳለ ባጋቴል ብሎ ያሳተማቸው ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 33፣ 119 እና 126 ናቸው።

የአስተያየት ሰጪው ሐሳብ አዲስ እንኳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1823 ለላይፕሲጉ አታሚ ለፒተርስ ባጋቴሎች ተልከውለት ነበር፤ ዋጋቸውን አያወጡም፣ በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ጊዜ ማጥፋት ለቤትሆቨን ክብር አይመጥንም ብሎ መለሳቸው። በዓመቱ ቤትሆቨን ሌላ ስድስት ጽፎ ጨረሰ፤ ለሌላ አታሚ ሲያቀርባቸውም በዚህ ዓይነት ከጻፍኳቸው ምርጦቹ ሳይሆኑ አይቀሩም አለ።