ከወዴት መጣህ? ወዴትስ ትሄዳለህ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ አንድ ወጣት ከቤት ጠፍቶ በረሃ ገባ ሲባል «እሰይ፣ መነነ!» ማለት ለምደናል። እናቱ ታለቅሳለች፤ እኛ «አታልቅሺ፣ ለጽድቅ ነው የሄደው» እንላታለን። ከአባቱ ተጣልቶ ይሁን፣ የሰው ገንዘብ ይዞ ይሁን፣ ያጫትን ልጅ ጥሎ ይሁን ማንም አያጣራም። የካቲት 2 ቀን የምናከብረው ቅዱስ ጳውሊም በወጣትነቱ ከከተማ ጠፍቶ በረሃ የገባ ነው። የእርሱን በዓል እያከበርን ይህን ነገር ዝም ማለት አይገባንም።

አስቀድመን ግን ዘፍጥረት 16ን እንመልከት። አጋር ፀንሳ ሳለች ከእመቤቷ ኮብልላ በምድረ በዳ፣ ወደ ሱር በሚወስደው መንገድ፣ በውኃ ምንጭ አጠገብ ተቀምጣለች። መልአኩ የጠየቃት ሁለት ጥያቄ ነው፦ «ከወዴት መጣሽ? ወዴትስ ትሄጃለሽ?» መልሷን ልብ በሉ። «እኔ ከእመቤቴ ከሦራ የተነሣ እኮበልላለሁ» አለች። ለመጀመሪያው መለሰች፤ ለሁለተኛው ግን ዝም። የሱር መንገድ ወደ ግብፅ፣ ወደ ትውልድ አገሯ የሚወስድ ነው፤ እግሯ ያውቀዋል፣ አፏ ግን አልተናገረውም። የኮብላይ ሁሉ ሕመም ይህ ነው። የሸሸውን ነገር አንድ በአንድ ይቆጥርላችኋል፤ የሚሄድበትን ስትጠይቁት አንገቱን ይደፋል።

ቅዱስ ጳውሊ ሁለቱንም መልሷል። የእስክንድርያ ሰው ነበር። አባታቸው ሲሞት ከወንድሙ ከጴጥሮስ ጋር በውርስ ተጣላ፤ ታላቁ ብዙውን ወስዶ ለታናሹ ጥቂቱን ሰጠው። ወደ ዳኛ ሲሄዱ የአንድ ባለጸጋ አስከሬን በብዙ ሰው ታጅቦ ሲያልፍ አዩ። ጳውሊ ይህ ሰው ሁሉን ትቶ እንደ ሄደ በሰማ ጊዜ ወንድሙን «እንመለስ፤ ከእንግዲህ ስለዚህ ገንዘብ አልናገርህም» አለው። እዚህ ላይ ቁሙልኝ። በረሃ ከመግባቱ በፊት ክሱን ተወ፤ ቂሙን ይዞ አልወጣም። ከዚያም ከከተማ ውጭ ባለ መቃብር 3 ቀን ሳይበላና ሳይጠጣ «ምራኝ» እያለ ጸለየ። በ4ኛው ቀን መልአክ ወስዶ ወደ ምሥራቁ በረሃ አደረሰው። መንገዱን ራሱ አልመረጠም፤ እስኪመሩት ጠበቀ።

የእኛ ልጆች ታሪኩን የሚወዱት ከቁራው ጀምረው ነው። በየቀኑ ግማሽ እንጀራ የሚያመጣውን ቁራ፣ ከሰሌን የተሠራውን ልብስ ይናገራሉ። ውርሱን ለወንድሙ የተወበትን ቀን ግን ዘለው ያልፉታል።

ተጣልቶ የወጣ ምን እንደሚገጥመው አበው በደንብ ያውቁታል። አንድ መነኩሴ በማኅበር ሲኖር ቶሎ ቶሎ ይቆጣ ነበር። «ብቻዬን ብሆን የሚያስቆጣኝ የለም» ብሎ ወጣ። ማሰሮውን ውኃ ሞልቶ መሬት አስቀመጠው፤ ተገለበጠ። ዳግመኛ ሞላው፤ ተገለበጠ። በሦስተኛው ጊዜ አንሥቶ ሰባበረው። ልቡ ሲመለስለት ስባሪው ፊቱ ተበትኗል፣ በአካባቢው ሰው የሚባል የለም። ቁጣውን ይዞት እንደ መጣ ያን ጊዜ ገባው፤ ወደ ማኅበሩም ተመለሰ።

ጥቅምት 20 የሚታሰበው አባ ዮሐንስ ሐጺርም በወጣትነቱ ታላቅ ወንድሙን «እንደ መላእክት ያለ ሥራ፣ ያለ አሳብ እግዚአብሔርን ላገልግል» ብሎ ልብሱን ጥሎ በረሃ ገባ። ሳምንት ሲሆነው ተመልሶ በር አንኳኳ። «ማነህ?» «ዮሐንስ ነኝ።» «ዮሐንስማ መልአክ ሆኗል፤ ከሰው መካከል የለም» አለው ወንድሙ፤ እስኪነጋም አልከፈተለትም። ጠዋት ሲከፍትለት «ሰው ነህ፤ ልትበላ ብትወድ ሥራ» አለው። ዮሐንስ ወድቆ «ይቅር በለኝ» አለ። ኋላ መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክሎ በየቀኑ እንዲያጠጣ አዘዘው። ውኃው እጅግ ሩቅ ስለ ነበር ማታ ሄዶ የሚመለሰው ጠዋት ነው። 3 ዓመት አጠጣ፤ እንጨቱም ለምልሞ አፈራ። ታላቅ አባት የሆነው በሰባቱ ቀን ሽሽት ሳይሆን በሦስቱ ዓመት ውኃ መቅዳት ነው።

ስለዚህ ልቡ ወደ ምናኔ ያዘነበለ ወጣት መጀመሪያ ለንስሐ አባቱ ይናገር፤ የሸሸውንም የሚሻውንም ሳይደብቅ። የተጣላውን ይታረቅ፣ የተበደረውን ይክፈል። የትዳር ጓደኛ ያለው ያለ እርሷ ፈቃድ አንድ እርምጃ አይራመድ። ከዚያ ማኅበር ባለበት ገዳም በአመክሮ ይቀመጥ፤ ውኃ ይቅዳ፣ እንጨት ይልቀም፣ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ከወንድሞች ጋር ይቁም። ብቻውን መሆን ብዙ ዓመት ለተፈተነ፣ ያውም አባቶች ሲፈቅዱለት ነው። ምናኔውን ብቻውን በመሆን ጀምሮ የወደቀ ብዙ ነው። አወዳደቁም ይታወቃል፦ በመጀመሪያው ሰሞን ያለ ልክ ይጾማል፣ እንቅልፍ ይከለክላል፤ ሰውነቱ ሲደክም ቀትር ላይ መታከት ይመጣበታል፤ ከዚያ ብርሃን አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ ይላል። «ይህ ከማን ነው?» ብሎ የሚመረምርለት አባት አጠገቡ የለም። ሰይጣን የብርሃን መልአክ ለመምሰል ራሱን እንደሚለውጥ ሐዋርያው ነግሮናል። መክብብም «አንዱ ብቻውን ሆኖ በወደቀ ጊዜ ግን የሚያነሣው ሁለተኛ የለውምና ወዮለት» ይላል።

እናንተ ግን ይህን ቃል ይዛችሁ የተደበደበን ልጅ ወደ ዱላው አትመልሱት! መልአኩ አጋርን «ተመለሺ» ያላት እግዚአብሔር መቸገርሽን ሰምቷል ብሎ፣ ዘሯን ሊያበዛ ቃል ገብቶላት ነው። ዘፍጥረት 21 ላይ ከነልጇ በተባረረች ጊዜ ተመለሺ አላላትም፤ ዓይኗን ከፍቶ የውኃ ጕድጓድ አሳያት። ጌታም በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ሸሽቷል። የሚሸሸው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። በቤቱ ግፍ እያለ ልጁን ብቻ የምንገሥጽ ከሆነ እግዚአብሔር ይፈርድብናል።

ከበረሃ ተመልሶ ደጃችሁ ለቆመው ኮብላይ ደግሞ ኤልያስን አስቡ። ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ለምኖ ተኛ። «ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ቆይቶ ነው፤ ከ40 ቀንና ሌሊት መንገድ በኋላ፣ ኮሬብ ላይ። መልአኩ መጀመሪያ ቀስቅሶ «ተነሥተህ ብላ» አለው። በራሱ አጠገብ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ አልተቆጣውም፤ ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ ዳሰሰውና «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው።