«ልጄ ይቅደም» በሚሉ ወላጆች ላይ የሚሠራ ጭውውት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ በትምህርት ቤቶች የወላጆች በዓል ላይ ከመዝሙሩና ከግጥሙ ቀጥሎ ጭውውት ይቀርባል። ለጭውውት ከሚመቹ ርዕሶች አንዱ የ4 ዓመት ልጁን «ዶክተሬ» እያለ ከአስጠኚ ወደ አስጠኚ የሚያሯሩጥ ወላጅ ነው። ርዕሱ ሀብታም ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ጭውውቱን የሚያበላሹት ግን አዘጋጆቹ ይዘዋቸው የሚነሡት እነዚህ እምነቶች ናቸው።

«በተጋነነ ቁጥር ይበልጥ ያስቃል»

አያስቅም። የ6 ወር ሕፃን ዩኒቨርሲቲ ሊመዘገብ ሲሄድ ብታሳዩ ተመልካቹ አንዴ ይስቅና «ይሄስ እኔ አይደለሁም» ብሎ ይገላገላል። ማጋነን የሚሠራው ከእውነት አንድ እርምጃ ብቻ ሲያልፍ ነው። ለምሳሌ እናት የልጇን ፕሮግራም ጮክ ብላ ታንብብ፦ ከቀኑ 9:30 ከትምህርት ቤት መውጫ፣ 10:00 አስጠኚ፣ 11:30 እንግሊዝኛ፣ ከምሽቱ 1:00 ኪቦርድ፣ 2:30 የቤት ሥራ፣ 3:45 ጨዋታ፣ 4:00 እንቅልፍ፣ ከሌሊቱ 11:30 መነሻ። አባት «ሽንት ቤት የሚሄደው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። እናት ገጹን ትገልብጥ፣ በጣቷ ትፈልግና «ቅዳሜ» ትበል።

ይህ የሚያስቀው በቅደም ተከተሉ ነው። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት ሰዎች ቤት የመጡ ስለሆኑ ተመልካቹ አንድ በአንድ እያመነ ይከተላል፤ «ቅዳሜ» ላይ ሲደርስ ለማፈግፈግ ዘግይቷል። በ«ቅዳሜ» ከጀመራችሁ ግን የቀረው ሁሉ ዝርዝር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት እውነተኛ ነገር አስቀድሙ፣ ከዚያ አንድ የተጣመመ አስከትሉ። ተዋናይዋም አትቸኩል። ገጽ የምትገለብጥበት ዝምታ ከቃሉ እኩል ዋጋ አለው።

«የሚያስቀው ልጁ ሲሳሳት ነው»

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው። ልጁን የሚጫወተው ተማሪ ነገ ከእኩዮቹ ጋር ክፍል ይገባል፤ መድረክ ላይ የወጣለት ቅጽል ስም በቀላሉ አይለቀውም። ደግሞም ሳቁ ያለው ልጁ ጋ አይደለም። ከመድረኩ ሁሉ የተረጋጋው፣ ነገሩን ቀድሞ ያየው ልጁ ይሁን።

ለምሳሌ በሐይቁ ዳር ባለው የአሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አባትና ልጅ አሣ ይዘው ተቀምጠዋል። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከኋላ ይጠጋል። ልጁ «አባዬ፣ ወፍ!» ይላል። አባት፦ «በእንግሊዝኛ!» ልጁ፦ «በርድ።» አባት፦ «በሙሉ ዓረፍተ ነገር!» ልጁ አሣው እየተወሰደ መሆኑን እያየ ነው፤ በተፈቀደለት ቋንቋ ለመናገር ቃል ይፈልጋል። አሣው ሄደ። እዚህ ላይ ልጁ አልተሳሳተም፣ ዋጋውን የከፈለው አባት ነው። ለመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ከሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር በላይ አትስጡት። ከዚያ ካለፈ መድረክ ላይ ቃሉን እንጂ ወፉን አያይም፣ ቀልዱም ይሞታል።

«ወላጆች ይቀየማሉ»

የሚቀየሙት ኪሳቸው፣ አለባበሳቸው ወይም አነጋገራቸው ሲነካ ነው፤ መቀየማቸውም ልክ ነው። ለአስጠኚ ክፍያ የሚንገላታ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ያጣውን ዕድል ለልጁ ሊሰጥ የሚደክም ሰው ነው። ሳቁን ወደ ጥድፊያው አዙሩት። ግፊቱ ከየት እንደሚመጣም አሳዩ፦ ባጃጅ ውስጥ ጎረቤት «የእናንተውስ ስንተኛ ወጣ?» ብላ ትጠይቅ፤ እናት ቤት እንደደረሰች ሌላ አስጠኚ ትቅጠር። የአንድን እውነተኛ ወላጅ ሥራና ሰፈር አንድ ላይ አታስገቡ፤ በከተማችን ሁለቱ ከተገጣጠሙ ሰውየው ይታወቃል።

«ቀልድ ስለሆነ መረጃው ቢሳሳትም ግድ የለም»

ግድ አለ፤ ተመልካቹ ከሳቁ ጋር መረጃውንም ይዞ ይሄዳል። ሕፃን የሞዛርትን ሙዚቃ ቢሰማ ሊቅ ይሆናል የሚለውን ወሬ ውሰዱ። መነሻው በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። የተጠኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጂ ሕፃናት አልነበሩም፤ 10 ደቂቃ ሙዚቃ ሰምተው በአንድ ዓይነት የቅርጽና የቦታ ጥያቄ የተሻለ ውጤት አመጡ፤ ለውጡም ከ15 ደቂቃ አልዘለለም። እውነቱ ከወሬው ይልቅ ለመድረክ ይመቻል፦ እናት ማዳመጫውን ከልጇ ጆሮ ነቅላ «15 ደቂቃ ብቻ ነው ያለን፣ ፈተናውን አምጡ!» ብላ ትሩጥ።

ከላይ ያለው ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ የቀን እንቅልፍን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይላል። ከምሽቱ 4:00 ተኝቶ ከሌሊቱ 11:30 የሚነሣ ልጅ የሚያገኘው 7 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ማንም ተዋናይ ማስላት የለበትም፤ ሰዓቶቹን በግልጽ ካነበባችሁ ወላጁ ራሱ ይቆጥራል።

«ጽሑፉ ካማረ የቀረው ይስተካከላል»

አይስተካከልም። ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይበቃል። በሰዓት እየያዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ሳቅ ጊዜ ስለሚወስድ በንባብ 5 ደቂቃ የሆነው መድረክ ላይ 7 ሊደርስ ይችላል። ተዋናዮቹ ሳቁ በግማሽ እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ፈጽሞ እስኪጠፋ ግን አይጠብቁ። ያለው አንድ ማይክ ከሆነ በማቆሚያ መሐል ላይ ይተከል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ንግግሩ ይቆራረጣል። በዓሉ ሰኔ ላይ ከዋለና አዳራሹ ቆርቆሮ ከሆነ ዝናቡ ድምፁን ይውጠዋል፤ ስለዚህ እናት የምታነበውን የልጁን ፕሮግራም በትልቅ ካርቶን ላይ፣ ከኋላ ወንበር በሚነበብ ፊደል ጻፉት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ተመልካችም ዓይን የሚያየው ቀልድ ይደርሳል።

«በመጨረሻ መካሪ ወጥቶ ትምህርቱን ይናገር»

ይህን ሰው ሰርዙት። ሳቅ ላይ የነበረው ወላጅ «ስለዚህ ውድ ወላጆች» ሲባል እንደተከሰሰ ይሰማዋል፤ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። የመጨረሻውን ቃል ለልጁ ስጡት፣ ከሦስት ቃል አይብለጥ፤ ሁሉም ወዲያው ከመድረክ ይውጡ። አስተዋዋቂውም ጭብጨባው ሳያልቅ ማይኩን አያንሣ።